አደ መኪያ የሰው እቃ አይበሱም

አደ መኪያ ማረፋቸውን የሰማሁት ሊሙ ገነት አንድ ሎጅ ውስጥ፣ መሰላል ላይ ቆሜ፣ ፒንሳ በጥርሴ ነክሼ ነው። ስልኬን ከታች የነበረችው የሎጁ አስተናጋጅ አነሳችና ድምፁን ከፍ አደረገችልኝ። የደወለው ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር፣ ከሱቃችን አጠገብ የሚሠራው ልብስ ሰፊ ነበር። «አደ መኪያ ሱብሂ ሰግደው ጋደም እንዳሉ አልተነሱም» አለ። «ኢና ሊላሂ» አለ። 

ከመሰላሉ ግን አልወረድኩም። ሁለቱ ሽቦዎች ገና አልተጠቀለሉም ነበር። አደ መኪያ ክፍት ሽቦ ጥሎ የሚሄድ ሰው አይወዱም፤ አደጋ ነው ብለው ብቻ ሳይሆን ነውር ነው ብለው። ሽቦውን ጠቀለልኩ፣ ፕላስተሩን አጠበቅኩ፣ በመሞከሪያ አይቼ አምፖሉን አስገባሁና ወረድኩ። አስተናጋጇ ልብ የሌላት ሴት እንዳየች ሁሉ አፍጥጣ አየችኝ። ምን ታድርግ፣ እሳቸውን አታውቃቸውም። ፒንሳው ገና እጄ ላይ መሆኑን ያየሁት የጅማ መኪና ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ስደርስ ተቀብረዋል። ሴቶቹ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ እኔም ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። የማላውቃቸው ሰዎች ስለማላውቃቸው አደ መኪያ ያወሩ ነበር፤ ስለ ደጓ፣ ስለ ዝምተኛዋ፣ ስለ የዋኋ። የኔዋ አደ መኪያ ዝምተኛም የዋህም አልነበሩም። ስለዚህ የኔዋን ልጻፍ።

«አደ» በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ ክብር ነው፣ እትዬ እንደማለት። አጭር ነበሩ፣ ሻርፓቸውን ሥራ ሲጀምሩ ወደ ኋላ ያስሩታል፣ ካቻቢቴ ጆሯቸው ላይ እንደ እስክሪብቶ ይሰካሉ። ባለቤታቸው ኤሌክትሪሺያን ነበሩ። ሰውየው ሲሞቱ ዘመድ ሁሉ መሣሪያውን ለመግዛት ተሰልፎ መጣ፤ አደ መኪያ ግን ሳጥኑ ላይ ተቀምጠው ለቅሶውን ጨረሱና ሱቁን በሳምንቱ ከፈቱት።

መጀመሪያ ካውያና ምድጃ ይጠግኑ ነበር። ስማቸው የወጣው ግን በአባዡር ነው። ጅማ አሮጌ ቤት ውስጥ፣ በተለይ ጅሬን በኩል፣ ቁምሳጥን ላይ ማንም እንዳይነካው የሚባል አንድ የፖርሴሊን የአበባ ማስቀመጫ አይጠፋም። ሰማያዊና ጡብ የመሰለ ቀይ፣ ጠርዙ ወርቅ፣ ሆዱ ላይ እግረ ረጅም ወፍ የተሳለበት። ያሁኖቹ ሽማግሌዎች አያቶች ቡና ሸጠው ከዐረብና ከህንድ ነጋዴ የገዙት ነው። ሁሉም «ቻይና» ነው የሚለው። አበባ ሲገባበት ግን አይቼ አላውቅም። ቁልፍ፣ የግብር ደረሰኝ፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ነው የሚገባበት። አደ መኪያ ይህንን ነበር መብራት የሚያደርጉት።

እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ቤት ውስጥ ከግድግዳ ጋር የምጣላ ልጅ ነበርኩ። የእናቴን የተቃጠለ ካውያ ይዤ ሄድኩ። አደ መኪያ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ የገመድ ጫፍ ዘረጉልኝና «ይሄን ያዢ» አሉኝ። ያዝኩ። በማግስቱም ሄጄ ያዝኩ። እንዲህ ነው የተቀጠርኩት።

አሠራራቸው እንደማንም አልነበረም። ሌላ ሰው አባዡር ሲሠራ ማስቀመጫውን ከሥሩ ይበሳል፣ ሽቦውን በሆዱ ውስጥ አሳልፎ በታች ያወጣል፤ ሲታይም ንጹሕ ነው። አደ መኪያ አይበሱም። ከዋንዛ እንጨት ውታፍ ይጠርባሉ፣ ለአፉ ልክ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ሲያሹት ይውላሉ፣ አምፖሉን ውታፉ ላይ ይተክላሉ፣ ሽቦውን በአንገቱ ጀርባ ያወርዳሉ። ማስቀመጫው ወደ ላይ እንዳይከብድና እንዳይወድቅ ሆዱ ውስጥ አሸዋ ይከታሉ። አሸዋው ከአዌቱ ወንዝ ዳር መጥቶ፣ ታጥቦ፣ ቆርቆሮ ላይ ደርቆ፣ የባለቤታቸው አሮጌ ረጅም ካልሲ ውስጥ ይገባል፤ ፖርሴሊኑን እንዳይቧጭር። የካልሲው ክር ውታፉ ላይ ይታሰራል። ውታፉን ሲጎትቱት ካልሲው ተከትሎ ይወጣል፣ ማስቀመጫውም እንደነበረው ነው።

«ሽቦው ይነቀላል፣ የተበሳ ግን አይደፈንም» ይሉ ነበር። ስለዚህ ሳይበሱ የሚሠሩትን ማንም ያምጣው ማን አይጠይቁም። ብሱልኝ ያለ ሰው ግን ፈተና ይገባል። ይሄ እቃ የማን ነበር፣ ስንት ልጅ ወለዱ፣ የት የት ናቸው? ወራሾቹ ሁሉ ፊታቸው ቆመው ይበሳ ካሉ እበሳለሁ ይላሉ። በእኔ ዘመን አንድም ቤተሰብ ተስማምቶ አልመጣም። ስለዚህ መሰርሰሪያው ከነካርቶኑ እንደተቀመጠ ነበር።

ሌላም ነገር ነበራቸው። ተሠርቶ ያለቀ መብራት ራሳቸው አያበሩም። ሽቦውን በመሞከሪያ ያዩታል እንጂ ማብሪያውን ባለቤቱ መጥቶ ነው የሚጫነው። ባለቤቱ ካልመጣ ሥራው አላለቀም። እኔ አንድ ጊዜ ልጫነው ስል እጄን በካቻቢቴ እጀታ መቱኝ። «የሚጫነው ቤቱ የሚበራለት ሰው ነው» አሉ።

አሁን ወደ አቶ ናስር ልምጣ።

አቶ ናስር ሊሙ ገነት ላይ ቡና አጥበው የሚልኩ፣ ከቡናው ጎን ሎጅ የከፈቱ ሰው ናቸው። አደ መኪያ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያውቋቸዋል፣ «ናስሬ» ነው የሚሏቸው። አቶ ናስር ለእንግዳ መቀበያው ብለው ከእናታቸው ቤት አንድ ትልቅ ማስቀመጫ አመጡ፣ እኛም እንደ ልማዳችን ሠራንላቸው። ተጫኑት፣ በራ፣ ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ክረምቱ ሲገባ ተመልሰው መጡ። ማስቀመጫውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አቅፈውታል፤ ፊታቸው ጥላሸት ይመስላል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ስሞታቸውን አሰሙን። ቡና ሊቀምስ ከጃፓን የመጣ እንግዳ ነበራቸው። ሰውየው መብራቱን ሲያይ ወንበሩን ትቶ ተንበረከከ፣ ሥሩን ልየው አለ። እሳቸው አምፖሉ እንዳይሰበር ብለው መጀመሪያ ውታፉን ጎተቱት። በእንግዶቻቸው ሁሉ ፊት፣ ከእናታቸው ማስቀመጫ ውስጥ፣ ተረከዙ የተጣፈ ካልሲ ተግተልትሎ ወጣ።

እኔ ሳቄን ለመዋጥ ወደ ጓዳ ገባሁ። አደ መኪያ አልሳቁም። «እና ሥሩን አየው?» አሉ።

«አየው። ጽሑፍ አለው። ቻይና አይደለም፣ የአገሬ ነው፣ የድሮ ነው አለ።»

«ብበሳው ኖሮ ምኑን ያነብ ነበር?»

አቶ ናስር ይህን አልሰሙም፣ ወይ እንዳልሰማ ሆኑ። ከዚያ በኋላ መብራቱ ወደቀ። ጽዳት የምትሠራው ልጅ ገመዱን ሳበችው፣ ተገለበጠ፣ ሶፋ ባይቀበለው አልቆለት ነበር፤ አፉ ላይ ጥፍር የሚያህል ተሸርፏል። ጥፋቱ የአደ መኪያ ነው አሉ። እንደ ሠለጠነ ሰው ተበስቶ ጠረጴዛው ላይ በቡሎን ቢታሰር ኖሮ አይወድቅም ነበር።

አደ መኪያ እጃቸውን ወደ ማስቀመጫው ውስጥ ሰደዱ። ቆይተው አወጡት፣ ጣታቸው መሃል የያዙትን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አንዲት የቡና ፍሬ ነበረች። ሦስታችንም አየናት።

ነገሩ ገባኝ። ሰውየው በካልሲው አፍረው አሸዋውን ጥለዋል፤ በቦታው የራሳቸውን ቡና ሞልተዋል። ቡና ደግሞ እንደ አሸዋ አይከብድም።

«ኤክስፖርት ነው» አሉ አቶ ናስር ቀስ ብለው።

«ማሻ አላህ። ግን ቀላል ነው» አሉ አደ መኪያ።

ከዚያ በኋላ አቶ ናስር ነገራቸውን ቁርጥ አደረጉት። ማስቀመጫው እስከ አርብ ይበሳ። ከተበሳ የሎጁ ክፍሎች መብራት በሙሉ፣ ከሽቦው እስከ አባዡሩ፣ የእኛ ሥራ ነው። ካልተበሳ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ብረታ ብረት ቤት ያለው ልጅ ባንድ አፍታ ይበሳላቸዋል።

በዚያ ሰሞን ሥራ ደርቆ ነበር። በየሱቁ ርካሽ የፕላስቲክ መብራት ሞልቷል። የሱቃችን አከራይ የሞባይል ሱቅ ሊያደርገው ፈልጎ፣ እኛ ቁጭ ባልንበት ግድግዳውን በሜትር ለክቶ ሄዷል። ያ የሎጅ ሥራ ካመለጠን ሱቁ አይተርፍም፤ ይህን አደ መኪያም እኔም እናውቃለን።

«የማን ነው ይሄ?» አሉ አደ መኪያ።

«የእናቴ ነበር፣ ያውቃሉ አይደል።»

«አላህ ይማራቸው። ከእሳቸው በኋላስ?»

«የኔ።»

«እህትህ ሐዋስ?»

አቶ ናስር ወደ በሩ ዞሩ። «ሐዋ አጋሮ ናት» አሉ፣ አጋሮ ባሕር ማዶ ያለ ይመስል።

እንደወጡ እኔ መሰርሰሪያውን ከካርቶኑ አወጣሁት። እውነቴን ነው የምጽፈው፣ ያኔ ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። አንዲት ቀዳዳ ናት፤ ከታች ናት፤ ማንም አያያት። ሱቃችን ይተርፋል። ይህንኑ ነገርኳቸው፣ ድምፄንም ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም። አደ መኪያ ሰምተው ጨረሱና «ጨረስሽ? ጋሪዳ» አሉ። ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። «በይ ጫማሽን አድርጊ። አጋሮ ነው የምንሄደው።»

በሚኒባስ ሄድን። ረዳቱ እቃው ጣሪያ ላይ ይውጣ ሲል አደ መኪያ እንዴት አድርገው እንዳዩት አላውቅም፣ ሁለተኛ አልጠየቀም። በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ጭናቸው ላይ አቀፉት። መንገዱ ሲንጠን ጀርባውን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል። ከጎናችን የተቀመጠች ወይዘሮ አንገቷን አስግጋ፣ ልጁን ገልጠው ያናፍሱት እንጂ፣ ይታፈናል አለች።

«ለምዶታል» አሉ አደ መኪያ።

ሐዋን ያገኘናት ከቡና መፈልፈያ ጀርባ ባለ ቤቷ ነው። የአቶ ናስር ታናሽ ናት፤ ገና ስንገባ አንቱ ስላት አንቺ በይኝ ብላ ተቆጣችኝ፣ ስለዚህ አንቺ እላታለሁ። አደ መኪያ ብርድ ልብሱን ገለጡ።  ሐዋ ወደ ማስቀመጫው ቀረብ ብላ የወፉን አንገት በጣቷ ተከተለችው።

«ናስር እቃ ሲጫን ተሰበረ ብሎኝ ነበር» አለች።

ይህን እኛም አላወቅንም። እኔ አፌን ከፍቼ ልናገር ስል አደ መኪያ እግሬን ረገጡኝ።

«ወሬ ላመጣልሽ አልመጣሁም» አሏት። «ይበሳ ይላል ወንድምሽ። አንቺ ምን ትያለሽ፣ እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

ሐዋ እጇን ወደ ማስቀመጫው አፍ አስገባች። አንጓዋ ላይ ሲደርስ ያዛት። እናታቸው የጆሮ ጌጣቸውን እዚያ ውስጥ ይደብቁ እንደነበር ነገረችን። በዓል ሲመጣ የእናቲቱ እጅ አይገባም፤ ወንዶቹም አይታመኑም። የእሷ ትንሽ እጅ ነበር የሚላከው። እስከ ክርኗ ይገባ ነበር፣ ሥሩ ቀዝቃዛ ነበር አለች። ቀዳዳ ቢኖረው ጌጡ ይወድቅ ነበር ብላ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ተቆረጠ።

«አይበሳም።»

«ኤዬ፣ እሺ። እንግዲያስ ያዢው፣ እቤትሽ ይቀመጥ» አሉ አደ መኪያ።

ሐዋ ቤቷን ዞራ አየችው። በሩ ላይ ልጆቿ ኳስ ከግድግዳው ጋር ያላጋሉ። «እዚህ ሳምንትም አይከርም። እዚያው ይብራ፣ ሰው ይየው» አለች። «ግን ይንገሩልኝ አደ መኪያ። መብራቱ የሱ ይሁን። እቃው የሁለታችን ነው። ስጠራው ይመጣል።»

አርብ አቶ ናስር ከጁምዓ ቀጥታ መጡ። አደ መኪያ አስቀምጠው ሻይ ሰጧቸው። ሐዋ ደህና መሆኗን ነገሯቸው። ልጆቿ ማደጋቸውን ነገሯቸው። «አይበሳም፣ መብራቱ የሱ ይሁን፣ እቃው የሁለታችን ነው» ማለቷን ነገሯቸው። «ማስቀመጫው አለመሰበሩን ስታይ በጣም ደስ አላት» አሉ፣ ስኳር እያቀበሏቸው።

ሻዩን አልጠጡትም። ማስቀመጫውን ሊያነሱ እጃቸውን ሲዘረጉ አደ መኪያ በሁለት እጃቸው ያዙት። ያችን አጭር ሴት ያኔ ባያችኋት። ድምፃቸውን አላነሱም። «ለአንተ ብቻ አልሰጥም። ከሐዋ ጋር ና፣ አሁኑኑ ታበሩታላችሁ» አሉ። አቶ ናስር ስለ ሎጁ ሥራ፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ዘመድ ብዙ ተናገሩ። አደ መኪያ እጃቸውን አላነሱም። ሰውየው የሎጁን ሥራ ይዘውት ሄዱ፤ ማስቀመጫው እኛ ጋ ቀረ።

እኔ ዕቃ መወርወር አማረኝ። ለአንድ ቀዳዳ ብለው ሱቃችንን ዘጉት አልኳቸው። አደ መኪያ የቀዘቀዘውን ሻይ ለራሳቸው ጠጡት። «ኢንተላ፣» አሉኝ፤ ልጄ ሲሉኝ እንዲህ ነው የሚሉኝ፤ «በስተነው ቢሆን አጋሮ ላይ ያቺን ልጅ ምን ብለን እናያት ነበር?»   ካርቶኑን አንስቼ መሰርሰሪያውን መለስኩት።

ያን ክረምት ያገኘነውን ሁሉ ሠራን። ስቶቭ፣ የፀጉር ካስክ፣ የስልክ ቻርጀር፤ አደ መኪያ አልመርጥም ብለው ተነሱ። አከራዩ ሲመጣ ሜትሩን ተቀብለው ራሳቸው ይለኩለታል፣ «እንደ ባለፈው ነው፣ አልጨመረም» ብለው ይመልሱለታል። ውታፍ መጥረብ ያስተማሩኝ ያኔ ነው። የኔ የመጀመሪያው እንደ ድንች ነበር። ሳያዝኑልኝ እሳት ውስጥ ጣሉት።

ዝናቡ ሲያባራ አንድ ጠዋት በሩ ጨለመ። ሐዋ ከፊት፣ አቶ ናስር ከኋላ። ምን ተባባሉ፣ ማን መጀመሪያ ወደ ማን ሄደ፣ አልጠየቅንም። ሐዋ ከቦርሳዋ አዲስ ረጅም ካልሲ አወጣች፣ ወረቀቱ እንኳ አልተነሳለትም። «ወንድሜ በሰው ፊት እንዳያፍር» አለች። አቶ ናስር ሳይወዱ ሳቁ። አሸዋውን እኔ ሞላሁ፣ ውታፉን አደ መኪያ ገጠሙ። ማን ይጫነው ሲባል ወንድምና እህት ተያዩ።

«ተጫኚው በቃ» አሉ አቶ ናስር።

ሐዋ ተጫነችው። ወፉ በራ። አደ መኪያ ያኔ ብቻ ካቻቢቴውን ከጆሯቸው አውርደው ሳጥን ውስጥ ጣሉ፤ ሥራ አለቀ ማለት ነው። የሎጁ ሥራም ተመለሰልን። አቶ ናስር በመጡ ቁጥር አደ መኪያ «ናስሬ፣ ዘንድሮስ ቡናው ከበደ?» ይሏቸዋል።

ሞታቸውን መሰላል ላይ የሰማሁት ያንኑ ሥራ ስጨርስ ነው።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ልጃቸው ፈቲያ ወደ ሱቁ መጣች። አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። አከራዩ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ሱቁን እኔ እንደምቀጥል፣ ሜትሩን ወደ ቤቱ እንዲወስደው ከነገርኩት ገና ደቂቃም አልሆነው። ፈቲያ መደርደሪያውን አየች፣ መሣሪያውን አየች፣ ሁሉንም ለአንቺ ብላለች እናቴ አለችኝ። ከዚያ ዓይኗ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ባለው አባዡር ላይ ቀረ። የአደ መኪያ የራሳቸው ማስቀመጫ ነው፣ ከእናታቸው የመጣ። ሥራ የተማርኩት በሱ ብርሃን ነው። ፈቲያ አልጠየቀችም፤ ዓይኗን ነቀለችና ስለ መኪና ሰዓት አወራች።

እንድትሄድ ብተዋት መብራቱ ይቀርልኝ ነበር። ፈለግኩትም። አልዋሽም፣ በጣም ፈለግኩት።

ሶኬቱን ነቀልኩ። አምፖሉን ፈታሁ። ውታፉን ጎተትኩት፣ ካልሲው ተከትሎ ወጣ። ማስቀመጫውን ጠርጌ ፈቲያ እጅ ላይ አኖርኩት፤ ባዶ፣ ያልተበሳ፣ ምንም ያልሆነ። እሷ ግን ካልሲውን ነበር የምታየው። ሦስት ቦታ ተጥፏል፤ አንዱ የተጣፈው በቀይ ክር ነው።

«ቀዩ የኔ ነው» አለች። «ልጅ ሆኜ እናቴ መጣፍ ያስተማረችኝ በአባቴ ካልሲ ነው።»

አሸዋውን ቆርቆሮ ላይ ገለበጥኩና ካልሲውንም ሰጠኋት። ሁለቱንም አቅፋ ሄደች።

ለእኔ አሸዋው፣ ውታፉ፣ ሽቦውና አምፖሉ ቀሩ። ጠረጴዛው ጨለመ። ሂርማታ ገበያ ሄጄ ከሸክላ ሠሪዎቹ አንዲት ትንሽ እንስራ ገዛሁ፣ አፏ ጠበብ ያለ። ወራሽ የላት፣ ጠያቂ የላት፤ ዛሬ ተገዝታ የዛሬ ናት፣ የኔ ብቻ ናት። መሰርሰሪያውን አውጥቼ ሥሯ ላይ አስጠጋሁት። መብሳት እችል ነበር።

መልሼ ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩት። የራሴን ካልሲ አወለቅኩ፣ አሸዋውን ሞላሁበት፣ ውታፉን ለአፏ ልክ እስኪሆን አሸሁት። ገጥሜ ስጨርስ እንደ ልማዴ እጄን ሰብስቤ ቆምኩ፣ ባለቤቱን እየጠበቅኩ።

ከዚያ ትዝ አለኝና ተጫንኩት።